ያረጁ ጆይስቲኮችን ከግል ኮምፒውተር ጋር ማግባባት

በተለምዶ ጆይስቲክ የሚባለውን የቆየ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ከግል ኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የመሰኪያው ቅርጽ አለመግጠሙን ነው፤ ይሁን እንጂ ዋናው ልዩነት ያለው መቆጣጠሪያው የጣቶችን እንቅስቃሴ ለማሽኑ በሚያስታውቅበት የምልክት ሥርዓት ላይ ነው።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ከመጀመሪያው የግል ኮምፒውተሩ ጋር ያቀረበው ጌም ፖርት፣ 15 እግር ያለው መሰኪያ ሲሆን፣ የዘንጉን አቅጣጫ በቁጥር አይቀበልም ነበር። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ በውስጡ ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድበው ክፍል፣ መጠኑን ስለሚቀይር፣ ኮምፒውተሩ ካፓሲተር የተባለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ እየለካ አቅጣጫውን ያሰላ ነበር። ይህ መሰኪያ በኋላ በድምፅ ካርዶች ላይ ተዛምቶ ሲያገለግል ቆይቶ ዩኤስቢ ተተካበት፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ድጋፉን አቋረጠ። ለተራዎቹ የጌም ፖርት መቆጣጠሪያዎች ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ይበቃል፤ በዚያው መሰኪያ የራሳቸውን ዲጂታል ምልክት ይልኩ ለነበሩት አንዳንድ የማይክሮሶፍት ሳይድዋይንደር ምርቶች ግን ያ አዳፕተር ምንም አይፈይድም።

የኒንቴንዶ ኤንኢኤስ መቆጣጠሪያ አሠራር ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። ማሽኑ በአንድ ሽቦ የመያዣ ምልክት ሲልክ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ቺፕ 8ቱ ቁልፎች በዚያ ቅጽበት የነበሩበትን ሁኔታ መዝግቦ ይይዛል፤ ከዚያም በሌላ ሽቦ የሚመጣውን የምት ምልክት እየተከተለ፣ የተጫነውንና ያልተጫነውን በሦስተኛው ሽቦ በተራ በተራ ያስተላልፋል። ከኃይል መስመሮቹ ጋር 5 ሽቦ ብቻ ስለሚፈልግ፣ ዩኤስቢን በቀጥታ የሚያውቅ እንደ አርዱዊኖ ሊዮናርዶ ያለ አነስተኛ ቦርድ ምልክቱን አንብቦ ለኮምፒውተሩ እንደ ተራ ዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ሊያቀርበው ይችላል። ብየዳ ለመማር ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

የመሰኪያ ቅርጽ እንደሚያታልል ሁለት መቆጣጠሪያዎች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ መሰኪያው እንግዳ ቢመስልም የሚጠቀመው የዩኤስቢን መስመሮች ስለሆነ፣ ሽቦዎቹን በተለመደ የዩኤስቢ ገመድ ላይ አገናኝቶ ተስማሚ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ለኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም፣ መጫን ይበቃል። በአንጻሩ የፕሌይስቴሽን 3 ዱዋልሾክ በትክክለኛ የዩኤስቢ ገመድ ቢሰካም ልዩ የማንቂያ ትእዛዝ እስኪደርሰው ድረስ የቁልፎቹን መረጃ አይልክም፤ ሊኑክስ ይህን ትእዛዝ የሚልክ ድራይቨር በውስጡ ሲኖረው፣ በዊንዶውስ ግን ሌሎች ወገኖች ያዘጋጁትን ፈልጎ መጫን ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ መቆጣጠሪያውን ካወቀው በኋላም ጨዋታው ላያውቀው ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር ኤክስኢንፑት የተባለውን የግንኙነት ደንብ ካመጣ ወዲህ፣ ብዙ ጨዋታዎች ዳይሬክትኢንፑት የተባለውን የቀድሞውን ደንብ ችላ ብለዋል። ይህን ክፍተት እንደ ስቲም ኢንፑት ያሉ ፕሮግራሞች፣ አሮጌውን መቆጣጠሪያ ለጨዋታው የኤክስቦክስ 360 አስመስለው በማቅረብ ይሞሉታል። ስለዚህ አዳፕተር የሚገዛ ሰው የመሰኪያውን ቅርጽ ከማየቱ በፊት፣ አዳፕተሩ የዚያን መቆጣጠሪያ ምልክት በትክክል ማንበብ አለማንበቡን ሻጩን ቢጠይቅ ይሻለዋል።