ሃይብሪድ ሎኮሞቲቭ ለባቡራችን መፍትሔ ይሆናል?

እንደሚታወቀው በእኛ ሠፈር በጉርድ ሾላ የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ኃይል ሲቋረጥ ይቆማል። አንዳንድ ወዳጆቼም የጅቡቲውን መስመር ጨምረው “በናፍጣም በባትሪም የሚሠራውን ሃይብሪድ ለምን አናስገባም?” ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም እኔ ጥርጣሬ አለኝ።

ለመሆኑ ሃይብሪድ ሎኮሞቲቭ ምንድን ነው? የናፍጣ ሞተርና ባትሪ አጣምሮ የያዘ ነው። ፍሬን ሲይዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ እንደ ጄኔሬተር ሆነው ባትሪውን ይሞላሉ፤ ሲነሳ ያ ኃይል ናፍጣ ይቆጥባል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንኑ በመንገደኛ ባቡር ላይ ሥራ ላይ አውላለች። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ግን ቀድሞውኑ ናፍጣ በሚነድበት ቦታ ነው።

የእኛ ሁኔታ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር በ25 ሺሕ ቮልት፣ የከተማው ደግሞ በ750 ቮልት ሽቦ ይሠራሉ። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከገዛ ወንዞቻችን ይመነጫል፤ ናፍጣ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ስለዚህ በዋናው መስመር ላይ ሃይብሪድ ማስገባት የተገላገልነውን ወጪ መልሶ መጋበዝ ነው። ኃይል መልሶ መጠቀምም ቢሆን የሃይብሪድ ብቻ ሀብት አይደለም፤ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭም ፍሬን ሲይዝ ኃይሉን ወደ ሽቦው መመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ጥገና ነው። “ግሪን ጎት” የተባሉት የካናዳው ኩባንያ ሃይብሪዶች በሰሜን አሜሪካ ብዙ ተወርቶላቸው ነበር፤ ሆኖም አንዳንዶቹ የእሳት አደጋ ደረሰባቸው፤ አምራቹም እ.ኤ.አ. በ2009 ኪሳራ ላይ ወደቀ። እኛ ዘንድ ለከተማው ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከስምሪት ወጥተዋል። ያለውን መጠገን ሳንችል አዲስ ዓይነት ብንጨምር፣ ሌላ መለዋወጫ፣ ሌላ ሥልጠና፣ ዕድሜው ሲያልቅ የሚተካ ውድ ባትሪም እንጨምራለን።

ይህ ሲባል ቴክኖሎጂው ለእኛ ጨርሶ አይበጅም ማለት አይደለም። በጭነት ጣቢያዎች ፉርጎ የሚያቀናጅ ሎኮሞቲቭ ብዙውን ሰዓት ሞተሩን አስነስቶ ስለሚቆም ጥቂት ሃይብሪዶችን እዚያ መሞከር ያስኬዳል። ለከተማው ባቡርም ናፍጣ ሳያስፈልግ አነስተኛ ባትሪ ብቻ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ሊያደርሰው ይችላል። የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ትራም እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ሲጀምር ሽቦ የሌላቸውን አደባባዮች በባትሪ ያቋርጥ ነበር።

በእኔ እምነት ግን የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ለአስተማማኝ የኃይል አቅርቦት፣ ለመለዋወጫና ለጥገና ባለሙያ ነው። እነዚህ ካልተሟሉ ሃይብሪዱም ተራውን ጠብቆ ከቆሙት ጎን መቆሙ አይቀርም።