ተጨማሪ መረጃ፦ በዴ ሞይን የት ይዋኛል?

ከሲያትል በስተደቡብ የምትገኘው ዴ ሞይን የተቆረቆረችው በፒዩጄት ሳውንድ ዳር ነው። በሐምሌ ፀሐይ የሶልትዋተር ስቴት ፓርክን ዳርቻ ያየ ሰው ዘሎ ውሃው ውስጥ መግባት ያምረዋል። አየሩ ሞቃት ቢሆንም ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በነሐሴ በሜዲትራኒያን ደሴቶች ዙሪያ ያለው ባሕር 25 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል።

ለቅዝቃዜው አንዱ ምክንያት በረዶ ነው፤ የዛሬ በረዶ ሳይሆን ጥንት ግግር በረዶ ቦርቡሮ የተወው ጥልቀት። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ በዚህ ጥልቅ ሸለቆ ይተኛል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላውና የሚጎድለው ባሕር ደግሞ እያማሰለ ወደ ላይ ያወጣዋል። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳያስበው በኃይል ይተነፍሳል፤ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ይስባል። ጎበዝ ዋናተኛንም አይምርም! ቀስ ብሎ መግባት ይሻላል። ከከባድ ዝናብ በኋላም ጅረቶች ከመንገድ ያጠቡትን ቆሻሻ ወደ ዳርቻው ስለሚያመጡ ጥቂት ቀናት መታገሥ ነው።

ልጆች ላሉት ቤተሰብ፣ በእኛ ግምት፣ በአጎራባቿ ሲታክ ከተማ ያለው አንግል ሐይቅ ይመረጣል፤ ጨው አልባ ነው፣ በበጋም ይሞቃል።

በአገር ቤት ለሚዋኝ ደግሞ ጥንቃቄው ሌላ ነው፤ በኢትዮጵያ ሐይቆች አንዱ ዋና ሥጋት ቅዝቃዜ ሳይሆን በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ ነው። ጣና ይህ ሥጋት አለበት፤ ቡናማው ላንጋኖ ግን ከበሽታው ነጻ በመባል ይታወቃል።