የገብስ ቆሎና የሚተከል ጥርስ

በሰላ ድንጋይ ብርድ የገብስ ቆሎ ትልቅ ወዳጅ ነው። ጥርሳቸው ያለቀ አረጋውያን ግን ቆሎውን ለልጆች ትተው በሶ ይበጠብጣሉ። «ሰው ሠራሽ ጥርስ ቢገባላቸውስ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን ወገኖች ነገሩን በአጭሩ እናስረዳለን።

መንጋጋ እንደ በር ማጠፊያ ብቻ አይሠራም። አፍ በሰፊው ሲከፈት መገጣጠሚያው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አድርጋችሁ ብታዛጉ ይታወቃችኋል። ስናኝክ ደግሞ እንደ መጅ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ጉልበቱ የሚበረታው ለጡንቻው በቀረቡት በኋላ ጥርሶች ላይ ነው።

የተፈጥሮ ጥርስ ሥሩን የከበበ ስስ ጅማት ስላለው ጠጠር ሲያገኝ ወዲያው ያስታውቃል። ተነቃይ ጥርስ በድድ ላይ ተቀምጦ ይንሸራተታል፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም እያደር ይሟሽሻል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሬነማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 በሰው መንጋጋ የተከሉት የቲታኒየም ብሎን ከአጥንት ጋር ይዋሐዳል። ነገር ግን ጅማት የለውም፤ የጎን ግፊት ሲበዛበት ማሰሪያው ሊላላ፣ ጥርሱም ሊሰበር ይችላል።

ዋጋውም ከባድ ነው። በእኛ አስተያየት በሚገባ የተለካ ተነቃይ ጥርስ ይቅደም፤ የታችኛው አልረጋ ያላቸው ከፊት በሚተከሉ ሁለት ብሎኖች ሊያስይዙት ይችላሉ። አጥንቱ እስኪይዝ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈጅ እስከዚያው በሶው አይቋረጥ።