ጥሩ ድምፅ ከበሩ ይጀምራል
ለቤተሰብ መኪናዎ ስፒከር ከማስገጠምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት

ለበዓል ወይም ለክረምት ዕረፍት ቤተሰብዎን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ጎንደር ወጥተው ከሆነ መንገዱ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያውቁታል። ጎሐ ጽዮንን አልፈው ዓባይ በረሃን ይወርዳሉ፤ ደጀን ላይ ይወጣሉ። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ደብረ ታቦር እያሉ ጉናን ተጠግተው ወደ ጋይንት ያቀናሉ። ወይም እንደ እኛ ቤት ሰዎች ወደ ስማዳ፣ ወደ ወገዳ ይታጠፋሉ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ሲቀናዎት እንኳ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ሰዓት ልጆችን ከኋላ፣ እናትን ከመሀል፣ ሾፌሩን ከፊት አንድ የሚያደርገው የመኪናው ድምፅ ነው። ሬዲዮው ብዙ አያስኬድም፤ የኤፍኤም ሞገድ ተራራ ሲጋርደው ይቆራረጣል፣ ከከተማ ሲርቁም ይጠፋል። የሚቀረው በፍላሽ ወይም በስልክ የያዙት ዘፈን፣ መዝሙር፣ ተረትና ትረካ ነው። እሱም የሚሰማው ስፒከሩ የፈቀደውን ያህል ነው።

ብዙዎቻችን “የመኪናዬን ድምፅ ላሻሽል” ስንል ቶሎ የሚታየን የዕቃ መጫኛውን የሚሞላ ትልቅ ዉፈር ነው። ለቤተሰብ መኪና ግን የጥሩ ድምፅ መለኪያው ሌላ ነው፦ ዝቅ አድርገው ከፍተውት ከኋላ የተቀመጠው ሰው ቃሉን ለይቶ ከሰማ፣ ድምፁ ጥሩ ነው። እዚህ ለመድረስ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ አገጣጠሙ ይወስናል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፍ ቁጥር ለምን በትልቁ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። “1000 ዋት” የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ለቅጽበት ሊሸከመው ይችላል የሚባለውን ጣሪያ ነው የሚናገረው። ለእርስዎ የሚጠቅመው በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው፣ ስፒከሩ ሳይጎዳ ያለማቋረጥ የሚሸከመው ኃይል ነው። ባለሙያዎች “አርኤምኤስ” ይሉታል። ሻጩን ስለ እሱ ይጠይቁ።

የመኪናው ቴፕ ራሱ ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ በቀላል ሒሳብ ማወቅ ይችላሉ። ከቴፑ ኋላ ፊውዝ አለ፤ 10 አምፔር ነው እንበል። ሞተር ሲነሳ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ 140 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ለአራት ስፒከር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ዋት ቢደርሰው ነው። ታዲያ ቴፑ ፊት ላይ “50 ዋት በ4” ቢባል፣ ስፒከሩም “1000 ዋት” ቢል፣ ከዚያ በላይ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ተጨማሪ አምፕሊፋየር የማያስገቡ ከሆነ ከዋቱ ይልቅ “ሴንሲቲቪቲ” የሚለውን ቁጥር ይዩ። በዴሲቤል ነው የሚጻፈው። በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት ግማሽ ኃይል ይበቃዋል። 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ከመረጡ የፋብሪካው ቴፕ እንኳ በደንብ ያንቀሳቅሰዋል። የመኪና ስፒከር በአብዛኛው 4 ኦም ነው፤ ቴፑ 2 ኦም እንደሚችል ካልተጻፈበት 2 ኦም ስፒከር አይግጠሙበት።

ለየትኛው መኪና የትኛው ስፒከር?

በከተማችን እንደ ልብ በሚታዩት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ዓይነት መኪኖች የፊት በር ላይ በአብዛኛው ስድስት ተኩል ኢንች፣ ማለትም 16 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ክብ ስፒከር በማቀፊያ ይገባል። ሴዳን መኪኖች ከኋላ መስታወቱ ሥር ስድስት በዘጠኝ የሚባለውን ሞላላ ስፒከር የሚይዝ ቦታ ብዙ ጊዜ አላቸው። ከመግዛትዎ በፊት የበሩ ፓነል ተከፍቶ ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱም ይለካ። መስታወቱ እስከ ታች ሲወርድ የስፒከሩን ማግኔት የሚነካ ከሆነ አይሆንም።

በሱቁ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ። አንደኛው ትንሿ ትዊተር ከትልቁ ስፒከር መሀል ላይ የተቀመጠችበት ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ መግጠሙም ቀላል ነው፤ ለኋላ በር ይበቃል። ሁለተኛው ትዊተሩ ለብቻው ተነጥሎ የሚመጣው ነው። ትዊተሩን ከዳሽቦርዱ ጥግ፣ ከመስታወቱ አጠገብ ሲያስቀምጡት ዘፋኙ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከፊትዎ የቆመ ይመስላል። በጀትዎ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ ፊት ላይ ያውሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናዎ በቀጥታ ከጃፓን ገበያ የመጣ ከሆነና ቴፑ ካልተቀየረ፣ አንዳንድ የኤፍኤም ጣቢያዎችን እንደማይዝ አስተውለው ይሆናል። የቆዩት የጃፓን ቴፖች የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ነው። ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ከዚያ በላይ ናቸው። ሞገዱን ዝቅ አድርጎ የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል፤ ነገር ግን ስፒከር ሊያስገጥሙ ፓነል ካስከፈቱ አይቀር፣ ቴፑንም አብሮ መቀየር ይሻላል።

በሩ ራሱ ሳጥን ነው

ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለውን አየር ይስባል። ከኋላ የሚወጣው ድምፅ በበሩ ቀዳዳዎች አልፎ ከፊተኛው ጋር ከተገናኘ ይጣፋሉ፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ቤት ያለው ስፒከር በጠንካራ ሳጥን የሚታሸገው ለዚህ ነው። በመኪና ውስጥ ሳጥኑ በሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ስስ ቆርቆሮ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ስፒከሩን ከማሰሩ በፊት ሦስት ነገር ያደርጋል። ከበሩ ቆርቆሮ ውስጠኛ ገጽ ላይ ንዝረት የሚያፍን ከባድ የጎማ ልባስ ይለጥፋል። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በስፒከሩና በቆርቆሮው መካከል አየር የማያሳልፍ ስፖንጅ ያስገባል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ርካሽ ስፒከርን ከውድ ስፒከር ጋር ያቀራርበዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከበሩ ግርጌ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የዝናብ ውኃ መውጫ ስለሆኑ መደፈን የለባቸውም፤ ከተደፈኑ ክረምት ሲመጣ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። ከፓነሉ ጀርባ ያለው ላስቲክም ተቀድዶ መጣል የለበትም፤ ውኃ ወደ ስፒከሩና ወደ ወንበርዎ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው።

የአገጣጠሙ እውነተኛ ፈተና ያለው ከአስፋልት ወጥተው ፒስታ ላይ ሲነዱ ነው። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሁሉም ስፒከር ያምራል። ወደ ገጠር በሚያስገባው ጠጠር ላይ ግን ያልጠበቀ ብሎን ይላላል፣ ያልታሰረ ሽቦ ፓነሉን ይደበድባል፣ አቧራውም በየስንጥቁ ይገባል። ለዚህ ነው መኪናውን ከተረከቡ በኋላ ረጅም ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሸካራ መንገድ ላይ ነድተው መሞከር ያለብዎት። የሚንኳኳ ነገር ካለ ተመልሶ ይጠበቅ።

የእኛ ዜማ ምን ይፈልጋል?

እናቴ አንድ ካሴት ነበራት። ወንድ አያቴ ከወገዳ ለልጆቹ የላከው ሰላምታ ነው፤ በአነስተኛ ቴፕ የተቀዳ፣ ከጀርባው ዶሮ የሚጮህበት። ወደ ፍላሽ ካስገለበጥነው በኋላ በመንገድ ላይ ልንሰማው ሞከርን። ዉፈሩ ከፍ ተደርጎ በተስተካከለው መኪና ውስጥ የአያቴ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ጉርምርምታ ነበር። የፊት በሮቹ ስፒከር ተቀይሮ ቤዙ ዜሮ ላይ ሲመለስ ግን እናቴ ከኋላ ወንበር “አባዬ ነው እኮ! ስሜን ጠራ” አለች። ድምፁን ከፍ አላደረግነውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሰው ንግግር የሚለየው በመካከለኛው ድምፅ፣ በተለይ ከ1000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። የማሲንቆ ፀጉር ላይ ደጋኑ ሲሄድ የሚሰማው ሻካራነት፣ የዋሽንት ትንፋሽ፣ የክራር ክር ሲነካ የሚሰጠው ጥርት ያለ ድምፅ የሚገኘውም ከዚያው አካባቢ ወደ ላይ ነው። በካሴትና በሸክላ ዘመን የተቀዱት ዘፈኖቻችን እንደ ዛሬዎቹ ከባድ ቤዝ የላቸውም። ቤዙን ቢጨምሩባቸው የሚያገኙት ጭጋግ ነው። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ለልጅዎ ለማስለየት ከፈለጉ መሀሉ ጥርት ይበል።

ዉፈር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ወንበር ሥር የምትገባ ትንሽ ዉፈር በልክ ስትከፈት የበሩን ስፒከሮች ከከባዱ ሥራ ታሳርፋለች። ተለይታ መሰማት ስትጀምር ግን በዝታለች ማለት ነው።

የሚሰሙት ፋይልም ይወስናል። በቴሌግራም እየተቀባበለ፣ በየጊዜው እየተጨመቀ የመጣ ዘፈን ጥሩ ስፒከር ላይ ጉድለቱ ይበልጥ ይሰማል። ከዋናው አልበም የተወሰደውን ይያዙ።

ሽቦና ደኅንነት

አምፕሊፋየር ካስገቡ ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ይሳብለታል። በዚያ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ጥቂት ስንዝር ርቀት ውስጥ ፊውዝ መኖር አለበት። ፊውዝ ሳይኖረው ሽቦው ተላጦ ቆርቆሮ ቢነካ እሳት ይነሳል። ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳም ጎማ ሊኖረው ይገባል።

የፋብሪካው ሽቦ ባይቆረጥ ጥሩ ነው። ለየመኪናው የሚስማማ መጋጠሚያ ስላለ በእሱ ይጠቀሙ፤ መኪናውን ሲሸጡም ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፤ ማንም እንዳይነካው። ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ውስጥ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ትዊተርም ሆነ ሽቦ በዚያ አይለፍ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና ይዟል። የሞተር ጩኸት ስለሌለው ትንሽ ድምፅ ይበቃዋል። ነገር ግን ብርቱካናማ ሽቦዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ማንኛውም ሥራ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ብቻ ይሁን። ዋስትናው እንዳይሰረዝም አስቀድመው ሻጩን ይጠይቁ።

የልጆቹ ጆሮ

የዓለም ጤና ድርጅት ለግል ማዳመጫ መሣሪያዎች ባወጣው መመዘኛ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ቢያዳምጥ ነው የሚመከረው። ለልጆች ወደ 75 ዝቅ ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ሲደርስ ለአዋቂ እንኳ የሳምንቱ ኮታ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ግን አንድ ሙሉ ቀን ይነዳል።

በስልክዎ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭነው ልጅዎ በሚቀመጥበት ቦታ ይለኩ፤ ግምታዊ ቢሆንም ይጠቅማል። የኋላ ስፒከሮች ለልጆቹ ጆሮ ቅርብ ስለሆኑ በቴፑ “ፌደር” ድምፁን ወደ ፊት ያመዝኑት። እንደ መመሪያ ይሁንዎት፦ ጋቢና ያለው ሰው ከኋላ ካለው ጋር ድምፁን ሳያነሳ ማውራት ካልቻለ፣ ሾፌሩም የአምቡላንስ ሳይረን አይሰማም።

መኪናውን ከመረከብዎ በፊት

ሶማሌ ተራም ሄዱ ወይም በሰፈርዎ ያለ የመኪና ዲኮር ቤት፣ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹ።

ቤዙንና ትሬብሉን ዜሮ ላይ አድርገው፣ በቃሉ የሚያውቁትን አንድ ዘፈን ይክፈቱ። ግጥሙ በዝቅተኛ ድምፅ ይሰማል?

ድምፁን በቴፑ “ባላንስ” ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ መሀል ይመልሱ። መሀል ላይ ሲሆን ቤዙ ከቀነሰ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጦ ታስሯል። ሽቦውን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው።

መስታወቶቹን በሙሉ ያውርዱና ያውጡ። የሚነካካ ነገር አለ?

ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ሲሰጡ ከስፒከሩ የሚያፏጭ ድምፅ ይመጣል? ከመጣ የአምፕሊፋየሩ ምድር ሽቦ በደንብ አልታሰረም፣ ወይም የድምፁ ሽቦ ከኃይል ሽቦው ጋር አብሮ ተስቧል።

በመጨረሻም ከሾፌሩ ወንበር ይውረዱና ከኋላ፣ ልጅዎና እናትዎ በሚቀመጡበት ቦታ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ያዳምጡ። ገንዘቡን ያወጡት ለዚያ ወንበር ነውና ሒሳቡን የሚዘጉት እዚያ ተቀምጠው ከረኩ በኋላ ይሁን።