ያውቁ ኖሯል? የሐረር ግድግዳ ጌጥ

ፈረንጆች ሃሎዊን ለሚሉት የማስፈራሪያ በዓል ዱባ ፈልፍለው መብራት ያኖሩበታል፤ ወረቀት ቀደው መንፈስ ይሠራሉ። ሐረር ላይ ግን፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ፣ ቤት የሚያጌጠው በእጅ ሥራ ነው። ሴቶች በአለላ የሰፏቸው ሰፌዶችና ሙዳዮች በግድግዳው ላይ ተደርድረው ይሰቀላሉ። ሥራው ጊዜ ይፈጃል፤ ማንጠልጠሉ ግን ሚስማርና ጥሩ ዓይን ብቻ ይፈልጋል።

በነባሩ የሐረሪ ቤት ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች ቀይ ይቀባሉ። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን የሐረር ሰዎች ደም ያስታውሳል ይባላል። ከሃሎዊን የቀለም ደም ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካዩ ደግሞ፣ እንደ ልማዱ፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው። ጌጥም ማስታወቂያም!

የሚያስፈራ ነገር ለሚሻ ሰው፣ ሐረር የፕላስቲክ አውሬ አያስፈልጋትም። ጅቡ ራሱ ማታ ማታ ወደ ከተማዋ ይመጣል። በአሹራ በዓል እንዲያውም ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል።