ከዓስር እስከ መግሪብ ከልጆች ጋር

ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት የረመዳንን ቀን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከዓስር በፊትና ከዓስር በኋላ። የፊተኛው እንደምንም ያልፋል። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ያለው ግን ሌላ ነው። ሾርባው እሳት ላይ ነው፤ የሳምቡሳው ሊጥ ገና አልተዳመጠም፤ የሚጠባው ያለቅሳል፤ የአራት ዓመቷ ቀሚስ ትጎትታለች፤ ትልቁ በየደቂቃው «ስንት ቀረ?» ይላል። ጾመኛዋ እናት አፏ ደርቋል፣ ጉልበቷ ዝሏል። ቁጣው የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው። አደጋውም እንዲሁ።

እኛም ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ያየነው ይህንኑ ነው። ከሁለት ረመዳን በፊት መካከለኛው ልጃችን ከጉልቻው ላይ የሾርባውን ድስት ጎትቶ ክንዱን አቃጠለው። ሊጥ እንቀባው ያለ ነበር፤ የጥርስ ሳሙና ያመጣም ነበር። ሁለቱም አይጠቅሙም፣ ይጎዳሉ። ለቃጠሎ የሚበጀው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። አላህ ጠብቆን ጠባሳው ትንሽ ሆኖ ቀረ። እኛ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ የቤቱን ሥርዓት ቀየርን።

መጀመሪያ የቀየርነው የእሳቱን ሰዓት ነው። የሳምቡሳው ምስር ማታ ከተራዊህ በኋላ ይቀቀላል። ሊጡ ልጆች በሚተኙበት በዙህርና በዓስር መካከል ተዳምጦ፣ ተሞልቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከዓስር በኋላ የሚቀረው መጥበስ ብቻ ነው። ምድጃውንም ከመሬት አንስተን በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ አስቀመጥነው፤ የድስት ጆሮና የመጥበሻ እጀታ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ወለሉ ላይ በከሰል መስመር አሰመርን፤ ዘይት እሳት ላይ እያለ ልጅ አያልፋትም። እውነቱን ለመናገር መስመሯ የምትሠራው ለአራት ዓመቷ ነው። የሚድኸው መስመር አያውቅም። በአንቀልባ አዝሎ ዘይት አጠገብ መቆምም አይሆንም። እሱን ሌላ ሰው መያዝ አለበት።

ሌላው ሰው የተገኘው ጎረቤት ነው። በአካባቢያችን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አጥር ለአጥር ነን። በነዚህ ዓመታት ደግሞ ረመዳንና ዓቢይ ጾም ተጠጋግተው እየመጡ ነው፤ በ2016 ሁለቱም የገቡት መጋቢት 2 ቀን ነበር። በዓቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጎረቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ልጆቿ እኛ ቤት ይውላሉ፤ ከልጆቻችን ጋር ይተኛሉ። እሷ ከ11 ሰዓት ጀምሮ የእኛን ትንሹን ወስዳ አዛን እስኪል ትይዛለች። ገንዘብ የለው፣ ውለታ የለው። ሰዓት በሰዓት መለወጥ ነው። ሳምቡሳችን በምስር የሆነውም በከፊል ለዚህ ነው። የሥጋ ነገር በአገራችን እንደየሃይማኖቱ ነው፤ የምስሩ ሳምቡሳ ግን ከሁለቱም ጾም ጋር ይስማማል። ለአጥር ማዶ የሚሄደውን ሳህን የምታደርሰው የአራት ዓመቷ ናት። ሁለት እንደምታጎድል እናውቃለን፤ ዝም እንላለን።

ለትልልቆቹ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐባ የነበሩት ሩበይዕ ቢንት ሙዓዊዝ እንዳስተላለፉት፣ በዓሹራ ቀን ልጆቻቸውን ሲያስጾሙ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው ነበር፤ ልጅ ለምግብ ሲያለቅስ ያንን እየሰጡ እስከ ማፍጠሪያው ያደርሱታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በእኛ አገር ሱፉን የሚተካው ብዙ ነው። በበጋ የደረቀ የበቆሎ አገዳ በየጓሮው አለ፤ ከእሱ መኪናም በሬም ይሠራል። ካልሲ በጨርቅ ሞልቶ ኳስ ማድረግም ይቻላል። መጫወቻው ግን ቀን ሙሉ ከተሰጠ ዋጋ ያጣል። እኛ ከዓስር በኋላ ብቻ የሚወጣ አንድ ከረጢት አለን፤ አዛን ሲል ይታሰራል።

ልጅ «እኔም እጾማለሁ» ሲል መከልከል ልቅሶ ያመጣል፤ መፍቀድም ያስፈራል። ግዴታ እንደሌለበት ለራሱ እየነገርን እስከ ዙህር እንዲሞክር እናደርጋለን። ከዙህር በኋላ በልቶ ይተኛል፤ ማታም ከአዋቂ እኩል ቴምር ይዞ ይቀመጣል። ቀይሉላ የሚባለው የቀትር እንቅልፍ ለእናትም ነው። ልጅ ሲተኛ ልብስ ማጠብ የሚያምራት እናት ብዙ ናት፤ ከዓስር በኋላ የሚጎድላት ጉልበት ግን ያ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ሸሪዓው ማፍጠርን ፈቅዶላታል። ጀግና ለመባል ከመታመም ዓሊም ጠይቆ በተፈቀደው መጠቀም ይሻላል።

ስለ ሳምቡሳ ጠብም እንንገራችሁ። አንድ የቀረ እንደሆነ አንዱ ልጅ ይቆርጣል፣ ሌላው ቀድሞ ይመርጣል። የሚቆርጠው እንደ ወርቅ አንጥረኛ ነው የሚለካው። በሱሁርም ሕፃን እንዳይነቃ ማታ የአጃ ክንክ ከፈላ ውሃ ጋር በፔርሙስ እንከድናለን፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለስልሶ ይገኛል። እሳት ማንደድ የለም፣ የድስት ኳኳታም የለም።

በገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ቤት ደግሞ ሌላ ዘዴ ተማርን። የውሃ ጀሪካን በሁለት ባላ ላይ ይሰቀላል፤ ከአንገቱ የታሰረው ገመድ ከታች ካለ እንጨት ጋር ይያያዛል፤ እንጨቱን በእግር ሲረግጡት ውሃው ይንጠባጠባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእጅ መታጠቢያ ያስተማሩት ነው። ልጆች በእሱ ዉዱእ ያደርጋሉ። አዋቂ ቆሞ አያፈስላቸውም፤ ሩቅ የተቀዳ ውሃም አይባክንም። የእግር መርገጫው ራሱ ጨዋታ ስለሆነ ሦስቴ የሚታጠብ አለ። እሱን መቆጣጠር ነው።

እዚያው ገጠር ልብ ያልነው አንድ ነገር አለ። አዛን በማይሰማበት ቦታ በሬዲዮ የሚሰማው የአዲስ አበባ መግሪብ ነው። ምዕራብ ጎጃም ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ስለሆነ በዚህ ወቅት ፍኖተ ሰላም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አምስት ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። ቡሬ ላይ ትንሽ ይጨምራል። ስለዚህ የአካባቢን የሰዓት ሰሌዳ መያዝ ነው። የአራት ዓመቷን ያለ ጠብ ማስቀመጫም ይኸው ነው፤ ከደጅ ሆና ፀሐይዋን ትጠብቃለች፣ «ገባች!» ብላ ትጮኻለች። እኛ ግን የምንጠብቀው አዛኑን ነው።

መንገዱን ሳናነሳ አናልፍም። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ዋናው አስፋልት መሃላቸውን አቋርጦ ያልፋል። ቡሬ ላይ ደግሞ የነቀምቴው መንገድ ስለሚገነጠል የጭነት መኪናው ብዙ ነው። በ12 ሰዓት ገደማ ሁሉም ይቸኩላል፤ ሹፌሩም ጾመኛ ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑም ይደበዝዛል። በዚያች ሰዓት «ሮጠህ በረዶ አምጣ» ተብሎ የሚላክ ልጅ ስናይ ሆዳችን ይባባል። የጎደለ ካለ ከዓስር በፊት ይገዛ። ከዚያ በኋላ የጎደለው ይጉደል።

ይህን ሁሉ ብለን አባትን ብንተው ዘዴው ሁሉ ለአንድ ሰው ሸክም ይሆናል። ብዙዎቻችን በንግድ የምንኖር ነን፤ ሱቁ የሚደምቀው ያኔ እንደሆነ እናውቃለን። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብዩ በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር ብለዋል። በእኛ ቤት አባት ሱቁን 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። የሚያጣው ገበያ አለ፤ በወሩ መጀመሪያ ላይ ተነጋግረንበታል። ተራዊህንም በየተራ እንሄዳለን።

የ«ስንት ቀረ?» ጥያቄም መልስ አግኝቷል። ረመዳን ሲገባ 30 የበቆሎ ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ እንጨምራለን። በየማታው ከቴምሩ በኋላ በተራ አንዱ ልጅ አንድ ፍሬ አውጥቶ ለዶሮዎቹ ይጥላል። ወሩ 29 ከሆነ አንዷ ፍሬ ትቀራለች፤ በዒድ ጠዋት እሷን የሚጥለው ማን እንደሆነ ክርክሩ ከአሁኑ ተጀምሯል።