በዛምቢያ የኅብረተሰብ ትምህርት ቤቶች የበጎ ፈቃድ መምህራን ድርሻ

በብዙ አገሮች የመንግሥት ትምህርት ቤት ያልደረሰላቸው ሕፃናት በወላጆችና በሃይማኖት ድርጅቶች ጥረት በተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች ሲማሩ ይታያል። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የዛምቢያ ተሞክሮ የዚህን አሠራር ጥቅምና ጉድለት አጉልቶ ስለሚያሳይ መምህራንም ሆኑ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊመረምሩት የሚገባ ነው።

ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ነፃነቷን ስትቀዳጅ የመንግሥቷ ገቢ በአመዛኙ የተመሠረተው በመዳብ ላይ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመዳብ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሽቆለቁል የትምህርቱም በጀት አብሮ ተዳከመ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የደንብ ልብሱና የደብተሩ ወጪ በወላጆች ላይ ስለ ወደቀ ብዙ ድኾች ልጆቻቸውን ከቤት ለማስቀረት ተገደዱ። በዚህም ላይ የኤድስ በሽታ ወላጆችን ብቻ ሳይሆን መምህራንንም ጭምር ይቀጥፍ ጀመር። ዕጓለ ማውታ የሆኑትን የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶች የዕለት ጉርስ ከማግኘት አልፈው ለትምህርት የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም።

የኅብረተሰብ ትምህርት ቤቶች የበቀሉት ከዚህ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በዋና ከተማዋ በሉሳካ፣ ሚሲሲ በተባለው የድኾች ሠፈር የተጀመረው እንቅስቃሴ ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነበር። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ግዴታ አልነበረም፤ ክፍያም ቢኖር እጅግ አነስተኛ ነበር። ትምህርቱ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይሰጥ ነበር። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ ልዩ ሥርዓተ ትምህርትም የ7 ዓመቱን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በ4 ዓመት የሚያስጨርስ ሆኖ ተቀረጸ። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው፤ የ12 ዓመት ልጃገረድ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰባት ዓመት ሙሉ እንድትማር መጠበቅ ትምህርቱን እንድትተው ከመንገር አይለይም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የትምህርት ፖሊሲ ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ሰጠ፤ የ2011 የትምህርት ሕግም በይፋ አቀፋቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ቁጥራቸው ከ2,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ምሰሶ ሕንፃውም ሕጉም አልነበረም። ምሰሶው 9ኛ ወይም 12ኛ ክፍል አጠናቆ ሥራ ያላገኘው የመንደሩ ወጣት ነው። ይህ ወጣት የመምህርነት ሥልጠና የለውም፤ ወላጆች ሲሳካላቸው ከሚያዋጡለት ጥቂት ገንዘብ ወይም የበቆሎ ዱቄት በቀር የሚከፈለው የለም። የተሻለ ሥራ ሲያገኝ መሄዱ አይቀርም፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባውም። ሆኖም ጉዳቱ የሚያርፈው በሕፃናቱ ላይ ነው። እናትና አባቱን በሞት ያጣ ሕፃን የለመደው መምህር በዓመቱ አጋማሽ ሲጠፋበት የሚደርስበትን በፈተና ውጤት ብቻ መለካት አይቻልም።

ላልሠለጠነው በጎ ፈቃደኛ ከተሰጡት ድጋፎች መካከል በዘዴው ብልህነት ሊጠቀስ የሚገባው የራዲዮ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት ማሰራጫ አገልግሎት አማካይነት የተጀመረው ይህ ፕሮግራም «በታኦንጋ ገበያ መማር» የሚል ትርጉም ያለው ስም ነበረው። በ30 ደቂቃ ሥርጭት ውስጥ የራዲዮዋ መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ከዚያም ሕፃናቱ በአንድነት እንዲመልሱ ፋታ ትሰጣለች። በክፍሉ ውስጥ ያለው በጎ ፈቃደኛ የታዘዘውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪ ያስነሣል፤ ሥርጭቱ ሲያበቃም በመመሪያው መሠረት መልመጃውን ይቀጥላል። መብራት በሌለባቸው መንደሮች በእጅ በሚዞር መዘውር የሚሠሩ ራዲዮኖች አገልግለዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሥርጭቱ ሕፃናቱን ሲያስተምር በጎ ፈቃደኛውንም እግረ መንገዱን የማስተማር ዘዴ ያለማምደው እንደ ነበር ነው።

ከባሕር ማዶ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ሁኔታ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ዛምቢያ የገባው የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላቱን ሦስት ወር ያህል ቋንቋና ባህል አስተምሮ ለሁለት ዓመት ያሠማራል። ሌሎች ግን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ መጥተው ይመለሳሉ። በዛምቢያ ትምህርት ቤቶች እንደየአካባቢው ቤምባ፣ ንያንጃ፣ ቶንጋ፣ ሎዚ፣ ካኦንዴ፣ ሉንዳና ሉቫሌ ይነገራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሥርዓተ ትምህርትም ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ትምህርቱ በእነዚህ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ንያንጃ የማይሰማ እንግዳ የ1ኛ ክፍል ሕፃናትን ፊደል ሊያስቆጥር እንዴት ይቻለዋል? በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ አባላት በአብዛኛው የተመደቡት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ነበር ይህ ችግር ያን ያህል አላሰናከላቸውም። በዛምቢያ መንደሮች ግን እንግዳው የሚጠቅመው የመንደሩን መምህር ቦታ ሲይዝ ሳይሆን ከጎኑ ሲቆም ነው፤ ይኸውም የትምህርት መርጃ መሣሪያ አብሮ በማዘጋጀት፣ የንባብ ክፍል በማደራጀትና መምህሩ ራሱ እንግሊዝኛውን እንዲያሻሽል በማገዝ ነው። ለሁለት ሳምንት መጥቶ ክፍሉን የሚረከብ ሰው፣ ልቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የመምህሩን ሥራ ከማቋረጥ በቀር ብዙ የሚያበረክተው የለም።

ለዕቅድ አውጪዎች ዋናው ጥያቄ የሚነሣው መንግሥት ዐቅሙ ሲጠነክር ነው። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ1ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ያለውን ክፍያ አስቀርታለች፤ በ2022 ደግሞ ነፃ ትምህርቱን እስከ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ አድርሳ በዚያው ዓመት ከ30,000 በላይ መምህራን ቀጥራለች። ነገር ግን ለመቀጠር የመምህርነት የምስክር ወረቀትና የሙያ ምዝገባ ያስፈልጋል። ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት በነፃ ያስተማረው የመንደር መምህር ይህ ወረቀት ስለሌለው፣ ባቆመው ትምህርት ቤት ውስጥ አዲስ ለተመረቀ ወጣት ቦታውን ሊለቅ ይችላል። የክረምት ወይም የርቀት ሥልጠና የከፈቱለት አካባቢዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ ደመወዝ የሌለው ሰው የሥልጠናውን ክፍያ ከየት እንደሚያመጣ በቅድሚያ ካልታሰበበት፣ ዕድሉን የሚያገኘው ዘመድ የሚረዳው ብቻ ይሆናል።